የኅብረት ስምምነት ድርድር ሥልጠና፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

የኅብረት ስምምነት የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ተደራድረው የሚፈራረሙት ውል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህ ድርድር የተቀመጥኩ ዕለት የያዝነው ጥያቄ «20 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ» የሚል ነበር። አምስት ነበርን፤ ሦስታችን የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚዎች፣ ሁለቱ ደግሞ ከየክፍሉ የተመረጡ። ከማዶ የተቀመጠው የፋይናንስ ኃላፊ ላፕቶፑን ከፈተና ረጋ ብሎ ጠየቀን፦ «20 በመቶው ከየትኛው ላይ ነው? ከደመወዝ ስኬሉ መነሻ ነው ወይስ እያንዳንዱ ሰው አሁን ከሚያገኘው? በዓመት ስንት ብር እንደሚመጣስ አስልታችኋል?» እርስ በርስ ተያየን። ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ሠልጥነን ተመልሰናል፤ ሰርተፊኬታችንም የማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስለ መደራጀት መብት፣ ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች፣ ስለ አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በደንብ ተምረን ነበር። በሦስቱ ቀን ካልኩሌተር የነካ ሰው ግን አልነበረም።

ሥልጠናውን አልኮንነውም፤ የመጡት መምህራን የሚያውቁትን ሳይሰስቱ አስተምረውናል። የእኛ ጉድለት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነበር፤ ማንም ምን እንደጎደለን አልጠየቀንም፣ እኛም አልተናገርንም። ከዚያ ወዲህ በሠልጣኝነትም በአሠልጣኝነትም ብዙ አዳራሽ ገብቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «የት ብንሠለጥን ይሻላል?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ስምምነታችሁ መቼ እንደሚያልቅና የቱ ላይ እንደምትደክሙ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ከማነጻጸሬ በፊት ስለ ድክመቱ ልናገር።

ሕግ፣ ሒሳብ፣ ብዕር፣ ጠረጴዛ

ተደራዳሪ የሚያስፈልገው ዕውቀት ብዙ ቢመስልም እኔ በአራት እከፍለዋለሁ።

ሕጉ ከሁሉም ይቀልላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ድርድር የሚደነግገው ጥቂት አንቀጽ ነው። መደራደር የፈለገ ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ ከነረቂቁ ያቀርባል፤ የተጠየቀው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር ይቀርባል፤ ድርድሩ የሚመራበትን ሥነ ሥርዓት ሁለቱም አስቀድመው ያወጣሉ፤ በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለባቸው፤ በዚያ መንገድ ያልተግባቡበት ጉዳይ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ነባሩን ስምምነት ለማደስ ማብቂያው ከመድረሱ 3 ወር አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ከተጓተተ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ ተፈጻሚነታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ይህን ለማወቅ አምስት ቀን ሆቴል ማደር አያስፈልግም። አዋጁን ይዛችሁ ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ግማሽ ቀን ብትቀመጡ ይበቃችኋል።

ሒሳቡ ግን ልምምድ ይፈልጋል። 400 ሠራተኛ ያለበትን፣ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ፋብሪካ እንውሰድ። 20 በመቶ ማለት በነፍስ ወከፍ 1,200 ብር ነው፤ በ400 ሰው፣ በ12 ወር ሲባዛ 5,760,000 ብር ይመጣል። በዚህ ላይ አሠሪው የሚያዋጣው የ11 በመቶ ጡረታ ሲታከልበት 633,600 ብር ይጨመርና 6,393,600 ብር ይደርሳል። የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚሰላው ከደመወዝ ነው፤ በአዋጁ የቀኑ አንድ ተኩል፣ የሌሊቱ አንድ ነጥብ ሰባ አምስት፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ የበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሆነ ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር እሱም አብሮ ከፍ ይላል። አሠሪው ይህን ሁሉ አስልቶ ይመጣል። እናንተ ካላሰላችሁ የሚነግራችሁን ቁጥር ከመቀበል ሌላ ምርጫ አይኖራችሁም።

ሒሳቡ ለመከራከር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ የራስን ጥያቄ ለማቃናትም ነው። 20 በመቶ ሲጨመር 3,000 ብር የሚያገኘው ተላላኪ 600 ብር ይደርሰዋል፤ 15,000 የሚያገኘው ሱፐርቫይዘር ደግሞ 3,000 ብር። ያው ገንዘብ ለሁሉም በእኩል 1,200 ብር ቢከፋፈል የተላላኪው ደመወዝ በ40 በመቶ ያድግ ነበር። ድርጅቱ የሚያወጣው ብር በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። በመቶኛ ይሁን በቁርጥ ብር የሚለውን ወደ ጠረጴዛው ሳትሄዱ በፊት በአባላት ስብሰባ መጨረስ አለባችሁ፤ ያንን ለማድረግ ደግሞ ቁጥሩን ሠርቶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል።

ብዕር የምለው የአንቀጽ አጻጻፍን ነው። አንድ ጊዜ «አሠሪው እንደ አስፈላጊነቱ የሰርቪስ አገልግሎት ይሰጣል» የሚል አንቀጽ ፈርመን ወጣን፤ ደስ ብሎንም ነበር። በዓመቱ ነዳጅ ሲወደድ ሁለቱ አውቶቡሶች ቆሙ። ቅሬታ ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ነበር። የሌሊት ፈረቃ የሚገቡ ሴቶች ለሁለት ወር በጨለማ በእግራቸው ሄዱ። «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በተቻለ መጠን»፣ «የድርጅቱ አቅም ሲፈቅድ» የሚሉ ሐረጎች በረቂቅ ላይ ሲታዩ ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት የሚያስተምር ሥልጠና ካገኛችሁ አትለፉት። ማን፣ ምን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስንት፤ ይህ ሁሉ በአንቀጹ ውስጥ መኖር አለበት።

ጠረጴዛው የመጨረሻው ነው። አንድ ሰው ብቻ እንዲናገር፣ ሌላው ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ፣ ነገር ሲከር «ለብቻችን ተነጋግረን እንምጣ» ብሎ መውጣት እንዲቻል፣ ዝም ማለትም እንዲለመድ። ይህ በንግግር አይማሩትም። ወንበር ተደርድሮ፣ ግማሹ ሠልጣኝ አሠሪ፣ ግማሹ ሠራተኛ ሆኖ ሁለት ሦስት ሰዓት ካልተከራከረ በቀር የተደረገው ሁሉ ገለጻ ነው።

በማኅበራት በኩል የሚሰጠው

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) እና በሥሩ ያሉት የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኖች ለመሠረታዊ ማኅበራት፣ ማለትም በየድርጅቱ ላሉት ማኅበራት፣ መሪዎች ሥልጠና ይሰጣሉ። አንዳንዱ በራሳቸው፣ አንዳንዱ እንደ ጀርመኑ የፍሪድሪሽ ኤበርት ፋውንዴሽን ወይም እንደ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ካሉ አጋሮች ጋር ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ነው፤ ሠልጣኙ አይከፍልም፤ አሠልጣኞቹም ራሳቸው ተደራድረው የሚያውቁ ናቸው።

ትልቁ ጥቅሙ ከአዳራሹ ውጪ ያለው ነው። በሻይ ሰዓት ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ሊቀመንበር ታገኛላችሁ፤ የእነሱ ስምምነት የሕክምና ወጪን እንዴት እንደጻፈው ትጠይቁታላችሁ፤ ስልክ ትለዋወጣላችሁ። እኔ ከአንዱ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ይዤ የወጣሁት ከሁሉ የሚበልጥ ነገር በአንድ የቢራ ፋብሪካ ማኅበር የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ፎቶ ኮፒ ነበር። ከዚያ የወሰድነው የቅሬታ አቀራረብ አንቀጽ እስከዛሬ በእኛ ስምምነት ውስጥ አለ።

ድክመቱም ግልጽ ነው። አዳራሹ ይሞላል፤ 60 ሰው ባለበት ልምምድ ማካሄድ ይከብዳል። አጀንዳው አንዳንዴ ከድርድር ይልቅ በአጠቃላይ መብቶች ያዘነብላል። ከየማኅበሩ የሚላከውም ብዙ ጊዜ ሊቀመንበሩ ብቻ ነው፤ ተመልሶ ለሌሎቹ ካላካፈለ ዕውቀቱ ከምርጫ በኋላ አብሮት ይወጣል። ኮሚቴያችሁ ውስጥ ሴት ከሌለች ወይም ኖራም ለሥልጠና ካልተላከች ደግሞ ረቂቁ ላይ የሚጎድል ነገር ይኖራል። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በኋላስ ሕፃኑ የት ይውላል? የሕፃናት ማቆያ ጥያቄ በረቂቅ ላይ ሲመጣ ያየሁት ሴቶች ባረቀቁት ውስጥ ነው።

ማኅበራችሁ አዲስ ከሆነ፣ ወይም የሥራ አስፈጻሚው በምርጫ ከተቀየረ፣ ከዚህ ጀምሩ።

የአማካሪ ድርጅቶች ኮርስ

ለሰው ኃብት አስተዳደር ባለሙያዎች ተብሎ የሚዘጋጅ፣ በሆቴል የሚሰጥ፣ በነፍስ ወከፍ የሚከፈልበት። ከፋዩ ድርጅቱ ነው። በማኅበራት ዘንድ በጥርጣሬ ይታያል፤ የአሠሪ ወገን ሥልጠና ነውና። እኔ ግን በሒሳቡ በኩል የሚወዳደራቸው አላገኘሁም። የደመወዝ ስኬል እንዴት እንደሚሠራ፣ የሥራ ምዘና (የአንዱ የሥራ መደብ ክብደት ከሌላው ጋር የሚለካበት) ምን እንደሆነ፣ አንድ ጥቅማ ጥቅም በዓመት ስንት እንደሚያስወጣ በኤክሴል እየሠሩ ያሳያሉ። ማኅበሩ ካዝናው ከፈቀደ፣ ከአባላት መካከል ቁጥር የሚወድ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መርጦ ቢልክ ገንዘቡን ያተርፋል።

ለሰው ኃብት ኃላፊዎች ግን አንድ ነገር ልበል። የሕጉ ክፍል በእነዚህ ኮርሶች አንዳንዴ «ሠራተኛን በሕግ እንዴት ማሰናበት ይቻላል» ወደሚል ያጋድላል። የሥራ ሰላምን ከልቡ የሚፈልግ ባለሙያ ቅሬታ ማስተናገድንና ስምምነትን መተግበርን የሚያስተምረውን ይምረጥ። ድርድር ሁልጊዜ የሚበላሸው ጠረጴዛው ላይ አይደለም። ከተፈረመ በኋላ የክፍል ኃላፊው አንቀጹን ሳያነበው ሲቀር የሚበላሸው ይበዛል።

ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚሠለጥኑበት

በመንግሥት የሥራና ክህሎት መዋቅሮች ወይም በፕሮጀክቶች በኩል የማኅበር መሪዎችና የአሠሪ ተወካዮች በአንድ አዳራሽ የሚቀመጡበት ሥልጠና አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ጊዜው ወሳኝ ነው። ድርድር ሊጀመር ወር ሲቀረው ከአሠሪያችሁ ጋር አብራችሁ ብትሠለጥኑ ስለ ጥያቄዎቻችሁ ቅደም ተከተል፣ በየቱ እንደምትጸኑና የቱን እንደምትለቁ አፍ አውጥታችሁ መናገር አትችሉም፤ እነሱም እንዲሁ። ሁለቱም ተጠባብቆ፣ በትሕትና ተሳስቆ ይመለሳል።

ከፊርማ በኋላ ባሉት ወራት ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ስምምነቱን አንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ «ይህ በሌሊት ፈረቃ ላይ እንዴት ይተረጎማል?» እየተባባሉ የሚውሉበት ሁለት ቀን፣ በዓመት ውስጥ ወደ ቦርድ የሚሄዱ ብዙ ክርክሮችን ያስቀራል።

ዩኒቨርሲቲ

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በሕግ ትምህርት ቤቶች እንደ አንድ ኮርስ ይሰጣል፤ በሰው ኃብት አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ ውስጥም የሥራ ግንኙነት ትምህርት አለ። ዓመታት ይወስዳል፤ ክርክርን ከሥሩ ለመረዳት ያስችላል። አስማሚ፣ የፌዴሬሽን ባለሙያ፣ የሥራ ክርክር ጠበቃ መሆን ለሚፈልግ መንገዱ ይኸው ነው። በሚቀጥለው መጋቢት ለሚደራደር የማኅበር ጸሐፊ ግን አይደርስለትም።

በውጭ አገር በዚህ ሙያ መማር ለሚያስብ ግሎባል ሌበር ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን መረብ እጠቁማለሁ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት፣ በሠራተኛ ማኅበራትና በዩኒቨርሲቲዎች ትብብር የሚሠራ ነው፤ በጀርመን ካሰል ዩኒቨርሲቲና የበርሊን የኢኮኖሚክስና ሕግ ትምህርት ቤት፣ በደቡብ አፍሪካም ዊትስ ዩኒቨርሲቲ አሉበት። በማኅበር ሥራ ያሳለፉ ሰዎችን ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ የማስተርስ ፕሮግራም አለው፤ በኢንተርኔት የሚሰጡ ነፃ ኮርሶችም ነበሩት። እንግሊዝኛ የግድ ነው።

ቱሪን

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሥልጠና ማዕከል ጣሊያን አገር ቱሪን ከተማ፣ ከፖ ወንዝ ዳር ይገኛል፤ ከጣሊያን መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተ ነው። ለሠራተኛ ማኅበራት፣ ለአሠሪዎችና ለመንግሥት ባለሙያዎች የየራሱ ፕሮግራም አለው፤ የድርድር ክህሎትን ብቻ ነጥሎ የሚያስተምርም። አሠልጣኞቹ ልምምዱን የሚመሩበት መንገድ ከየትም ይበልጣል፤ ከኬንያ፣ ከጋና፣ ከፊሊፒንስ የመጣ ተደራዳሪ ከጎናችሁ ተቀምጦ የአገሩን ሲያወራ ዓይን ይከፈታል። እኛ አገር ድርድር በአብዛኛው በአንድ ድርጅት ደረጃ ሲሆን ሌላ ቦታ ለዘርፍ በሙሉ አንድ ስምምነት የሚፈረም መሆኑን ያኔ ነው በደንብ የምታዩት።

ክፍያው በዩሮ ነው፤ ድጋፍ ካልተገኘ ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር አይታሰብም። ድጋፉ ሲገኝም ዕድሉ ቀድሞ የሚደርሰው በኮንፌዴሬሽንና በፌዴሬሽን ደረጃ ላሉት ነው። በኢንተርኔት የሚሰጡት ኮርሶች ይረክሳሉ፤ የፈረቃ ሠራተኛ ግን ማታ ደክሞት፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠበት ለሳምንታት መከታተል እንደሚከብደው አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ኮምፒውተር ላይ በማኅበሩ ቢሮ ብትከታተሉት የመጨረስ ዕድላችሁ ይሰፋል። የአገራችንን ሕግ ደግሞ ከዚያ አትጠብቁ።

አሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ በግል ድርጅቶች ያለው ድርድር በአብዛኛው የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣው ብሔራዊ የሥራ ግንኙነት ሕግ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ለዚሁ ሙያ ብቻ የቆመ ትምህርት ቤት አለው፤ በኢንተርኔትም ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴል፣ በአየር ማረፊያ የምትሠሩ አባላት አስቀድማችሁ የራሳችሁ ማኅበር ለሥራ ቦታ ተወካዮች የሚሰጠውን ሥልጠና ጠይቁ።

ማንም የማይዘረዝረው አማራጭ

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የሌላ ማኅበር ድርድር ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ መቀመጥ ነበር። የፌዴሬሽናችን ባለሙያ ነበር ያስገባኝ፤ ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው። መናገር አይፈቀድልኝም፤ መጻፍ ብቻ። ስድስት ስብሰባ ጻፍኩ። በሦስተኛው ላይ የማኅበሩ ተናጋሪ ትልቁን የቤት ኪራይ አበል ጥያቄ አነሳና፣ አሠሪው «አይሆንም» ሲል አልተከራከረም፤ «እሺ፣ አይሆንም ያላችሁበት ምክንያት በቃለ ጉባኤው ይያዝልን» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ የከበዳቸው ሰዎች በማግሥቱ ግማሹን ይዘው መጡ። ጉዳዩ ቦርድ ቢደርስ ቃለ ጉባኤው እንደሚነበብ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ይህን የትም አዳራሽ አልሰማሁትም።

ስለዚህ ፌዴሬሽናችሁን ጠይቁ፤ አንድ ወጣት የኮሚቴ አባል እንዲህ እንዲቀመጥ አድርጉ። ወጪው የትራንስፖርት ብቻ ነው።

ጊዜውና ፈቃዱ

ስምምነታችሁ ሊያበቃ ዓመት ከቀረው፣ በማኅበራት በኩል ያለውን መሠረታዊ ሥልጠና ውሰዱ፤ አንድ ሰው ወደ ሒሳቡ ኮርስ ላኩ። ስድስት ወር ከቀረው ሥልጠና መፈለግ ቀንሱና ፌዴሬሽናችሁ አንድ አሠልጣኝ ወደ እናንተ እንዲልክ ጠይቁ፤ በራሳችሁ ረቂቅ፣ በራሳችሁ የደመወዝ ዝርዝር ላይ ሁለት ቀን ሥሩ። ሦስት ወር ከቀረው ረቂቁን አስገቡ፤ ልምምዱን ቅዳሜ ቅዳሜ እርስ በርስ አድርጉት።

ፈቃድ የሚያሳስባችሁ ካላችሁ፣ አዋጁ በአንቀጽ 82 ለማኅበር መሪዎች ለድርድር፣ ለክርክር፣ ለስብሰባም ሆነ ለሴሚናርና ለሥልጠና ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንደሚሰጥ ይደነግጋል፤ አሰጣጡን ደግሞ በኅብረት ስምምነት መወሰን ይቻላል። እኔ በምረዳቸው ማኅበራት ሁሉ በዓመት ስንት ቀን፣ ለስንት ሰው፣ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቂያ የሚለው በቁጥር እንዲጻፍ አደርጋለሁ። ቁጥር ከሌለ ደብዳቤው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቆይና የሥልጠናው ቀን ያልፋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን ይህ አዋጅ እንደማይመለከታችሁ እወቁ፤ ክፍያ ከፍለው በመጨረሻ ይህን የተረዱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ለአዘጋጁ ደውሉና ስንት ሰው እንደሚሠለጥን፣ ከጠቅላላው ሰዓት ስንቱ ልምምድ እንደሆነ፣ አሠልጣኙ ራሱ የፈረመው ስምምነት እንዳለ ጠይቁ። ከዚያ «የራሳችንን ረቂቅ ይዘን መምጣት እንችላለን?» በሉ። «አዎ፣ አምጡ፣ አብረን እናየዋለን» ካሏችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ።